የአባቴ መኪና መርፌ ስትሞት

አስቀድሜ ልናገርና፣ የተነሣሁት ስለ መኪና ልጽፍላችሁ አይደለም። ነገሩ ከመኪና ስለጀመረ ግን የመኪና ወሬ የሚያንገሸግሻችሁ ሰዎች ትንሽ ታገሡኝ። የሆነው ሁሉ የሆነው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ውስጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ እሁድ በኋላ የድሮዋ ፈቲያ አይደለሁም።

ያኔም አሁንም የምሠራው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ አንድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ሥራዬ የስፌት ማሽኖቹን ኤሌክትሮኒክስ መጠገን ነው። መስመር ላይ አንድ ማሽን ቀጥ ሲል "ፈቲያን ጥሯት!" ይባላል፣ እኔም መሣሪያዬን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከየካ አባዶ ቦሌ ለሚ የተመላለሰ ሰው ትዕግሥት ለመማር ሌላ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም። ያም ሆኖ እኔ ትዕግሥት የለኝም። ለማሽን አለኝ፣ ለሰው ግን የለኝም። ሰው አንዴ ከነገርኩት በኋላ "ምን አልሽ?" ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ይህን ያዙልኝ።

አባቴ ከማል ገርጂ ወፍጮ ቤት ነበረው። በናፍጣ የሚሠራ፣ ሲነሣ የጎረቤት ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ወፍጮ ነበር። እኔና ወንድሜ ሙኒር ያደግነው ዱቄት ለብሰን ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ደግሞ ወሬ በአፍ አይወራም፤ ሞተሩ ከተነሣ ጆሮ ሥር ቢጮኹም አይሰማም። ስለዚህ በእጅ ነበር የምንነጋገረው። መዳፍ ወደ ታች ሲዘረጋ "አቁም" ነው። ጡጫ ተጨብጦ ሲዞር "ይሠራል፣ ቀጥል" ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲፋተጉ ደግሞ "ልሟል" ማለት ነው። ጤፍ ያስፈጨች ሴት ሁሉ ይህችን የአባቴን ምልክት አይታ ነው ከረጢቷን የምትዘረጋው። ቤት ስንገባም ልማዱ አይለቀንም ነበር። እራት ላይ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም እጁን ያወናጭፋል። እንግዳ ከመጣ የተጣላን ይመስለው ነበር።

እናቴ ዘይነባ ደግሞ ሌላ ዓመል ነበራት። ሰው የተናገረውን ሁሉ ትደግመዋለች። እኔ "ነገ ሥራ የለም" ካልኩ፣ እሷ ወደ አባቴ ዞር ብላ "ነገ ሥራ የላትም" ትላለች። "ገደል ማሚቶ" ብለን ስም አውጥተንላት ነበር። አትቆጣም፤ ትስቅና ያንኑ ስሟን ራሱን ለአባቴ ትደግምለታለች።

አባቴ ወፍጮውን ከሸጠ በኋላ የቀረችው ወዳጁ መኪናው ናት። ቀይ፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። መሪዋ ፊት ለፊት ሁለት ክብ፣ ባለ መርፌ መለኪያዎች አሏት። አንዱ ፍጥነት ይናገራል፣ ሌላው የሞተሩን ዙር። ሞተሩ ሲጠነክር የዙር መቁጠሪያዋ መርፌ ትወጣለች፣ ሲረጋ ትወርዳለች። በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ አባቴ እናቴን ቀኝ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እኛን ከኋላ አጭቆ፣ ከቡታጅራ ወዲያ ወዳለው አገራችን ይነዳ ነበር። የሠፈር ሰው "ጋሽ ከማል መኪና አይነዱም፣ ያፈስሷታል እንጂ" ይለው ነበር።

እናቴ ሞተች። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ዝም አለ። ስልክ ሲደወል አያነሣም። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ጥያቄ ስንጠይቀው ፈገግ ይልና ራሱን ይነቀንቃል። ሐዘን ነው አልን፤ ዝምታ ወርቅ ነው ብለን ተውነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መኪናውን አስነሥቶ ብቻውን ወደ እናቴ መቃብር ሄዶ ሲመለስ ፊቱ በራ ይላል። ከዚያ ሌላ የሚያስደስተው ነገር አልነበረም።

ለኢድ አልፈጥር እኔና ሙኒር ስጦታ እንስጠው ተባባልን። የድሮ መኪና ለካንዴላው እሳት የምትሰጠው ኮንታክት በምትባል፣ እየተነካካች በምትላቀቅ ትንሽ ብረት ነው። ያቺ ብረት መርካቶም ጠፍታ ነበር፤ የምትገኘውም ወዲያው ትቃጠላለች። ሙኒር ቦሌ የስልክ ዕቃ ሱቅ ስላለው ከዱባይ ዕቃ የሚያመጡ ወዳጆች አሉት። በእነሱ በኩል ኮንታክት የማያስፈልገው ዘመናዊ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን አስመጣ። በዚያው ሞተሩ የተቀመጠባቸውን፣ ንዝረቱን የሚውጡትን ያረጁ ጎማዎችም አስቀየርን። ሜካኒኩ ሲጨርስ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ቆማ ስትሠራ መነሣቷን ለማወቅ ኮፈኗን መንካት ነበረብን።

አንድ ነገር ብቻ ተበላሸ። የዙር መቁጠሪያዋ መርፌ ከአዲሱ ዕቃ ጋር አልስማማ ብላ እንደ እብድ ትዘል ጀመር። ሜካኒኩ ሽቦዋን ነቀለውና መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኛች። አባቴ በጣቱ አሳየውና "ይቺስ?" አለ። ሜካኒኩ ኮፈኑ ሥር እንዳቀረቀረ "ጌጥ ናት አባባ! ያለ እሷም ትሄዳለች!" አለ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እኛም አጨበጨብንለት፤ ፎቶም ተነሣን።

ሳምንታት አለፉ። ከገርጂ የሚመጣው ወሬ ደስ የማይል ሆነ። አባቴ መኪናዋ ተነሥታ እየሠራች ቁልፉን እንደገና አዙሮ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን ይመታል፤ ብረቱ ሲንጫጫ ሠፈሩ ጆሮውን ይይዛል። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩን እያስለቀሰ ሙሉ መንገድ ይሄዳል። "ጋሽ ከማል መርሳት ጀምረዋል" ተባለ። ይህን የነገረኝ ሙኒር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"የጋሽ ከማል ልጅ ነሽ?" የሴት ድምፅ ነው።

"ነኝ። ምን ሆነ?"

"ትራፊክ ነኝ። አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው። አያት አደባባዩ ጋ ነን፣ ቶሎ ነይ።"

"አትደንግጪ" የተባለ ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ ታውቁታላችሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው አስፋልቱ ላይ የተበተነውን ብርቱካን ነው። መኪናችን የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥታ የአንዲት ሴት የብርቱካን ጋሪ ላይ አፍንጫዋን ደግፋለች። ሰው ብርቱካን ይለቅማል። ባለ ጋሪዋ ሴትዮ በመሳደብ ፈንታ አባቴን የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ውኃ ታጠጣዋለች። "ተዪው ልጄ፣ ንብረት ነው፤ ሰው ተርፏል" አለችኝ ገና ሳልናገር። እግዜር ይስጣት፣ እስከዛሬ ብርቱካን የምገዛው ከእሷ ነው።

ትራፊኳ ወደ ጎን ሳበችኝ። "አስቁሜያቸው ነበር፤ ስለቃቸው አልሄዱም። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ ፊሽካ እነፋለሁ፤ እሳቸው ምንም። ሞተሩ እየሠራ ሞተሪኖ ይመታሉ። ኧረ ብረቱ ሲጮህ እኔ ጥርሴን ነከስኩ! ከዚያ ነዳጅ ረገጡና ዘለው ወጡ። እህቴ፣ ሰው ሊያልቅ ነበር። ፈዘዋል። ተነጋገሩበት።"

አባቴ ፊት ተንበረከክሁ። "አባ፣ ምን ሆንክ?"

አፌን አየ። "ሰው ተጎዳ?" አለ።

"አልተጎዳም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። እጁ ላይ አንድ ብርቱካን ይዞ ነበር።

ሙኒር ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ተቆጥቶም አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። "አባ፣ በቃ። ከዛሬ ጀምሮ አትነዳም" ብሎ እጁን ዘረጋ። አባቴ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ቢከራከር ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋን ገርጂ ግቢያችን አስገባን። መብራቷ ተሰብሮ ፊቷ ጫር ጫር ብሏል እንጂ ብዙ አልተጎዳችም። ሳሎን ተቀምጠን መምከር ጀመርን። ሙኒር በስልክ አንድ ሰው አነጋግሮ ነበር፣ አቶ ዳዊት የሚባል፣ ቦሌ የሚኖር፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው። ነገ ከሰዓት መጥቶ ያያታል።

"ይወስዳታል፣ ግን አንድ ነገር ብሏል" አለ ሙኒር። "ሁሉ ነገሯ እንደ ድሮው መሥራት አለበት። ያቺ የዙር መቁጠሪያም ጭምር። አንቺ ትሠሪያታለሽ አይደል?"

"ለአባ ማን ይነግረዋል?"

"ከሄደች በኋላ እንነግረዋለን። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም ፈቲ፣ ግን ነገ አንድ ሕፃን ቢገጭስ?"

ልክ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። "እሺ" አልኩ። ይህን ሁሉ ስንነጋገር አባቴ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ድምፅ አልባውን ቴሌቪዥን ያያል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉት ነገር እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አየሁ። ያኔ ግን "እንዴት ነው ፊቱ ላይ እያወራን ቀና የማይለው?" ብዬ አልጠየቅሁም። ፈዟል ብያለሁዋ።

እሁድ ጠዋት መሣሪያዬንና ከሙኒር የተቀበልኩትን የመኪናዋን ቁልፍ ይዤ ገርጂ ገባሁ። ከፋብሪካው የስፌት ማሽን ፍጥነት የምንለካበትን በእጅ የሚያዝ መለኪያ አስፈቅጄ አመጣሁ። የሚሽከረከር ነገር ላይ አንጸባራቂ ወረቀት ለጥፈህ ብርሃኑን ስታበራበት ዙሩን ይነግርሃል። ለስፌት ማሽን የሆነ ለመኪና ሞተር የማይሆንበት ምክንያት የለም። አባቴ ዱካ ወንበሩን አውጥቶ መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ። ዓይኑ እጄ ላይ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ያለው መሰለኝ። ለምን ደስ እንዳለው አላወቅሁም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ እሳቱን ከሚያመነጨው ከኮይሉ ጀመርኩ። ችግሩ እንዲህ ነው። መርፌዋ የምትቆጥረው ኮይሉ ለካንዴላው እሳት በላከ ቁጥር የሚሰጠውን ምት ነው። የድሮው ኮንታክት ሲላቀቅ የሚሰጣት ምት ወፈር ያለ፣ የምታውቀው ዓይነት ነው። አዲሱ ዕቃ የሚሰጣት ደግሞ ሹልና ፈጣን፣ ከኋላው ብዙ ንዝረት የሚያስከትል ነው። ምስኪኗ መርፌ ንዝረቱንም እንደ ምት ትቆጥረዋለች፤ አንዱን ሁለት ታደርገዋለች። አልሞተችም፤ የሚያናግራት ሰው ቋንቋ ቀይሮባት ነው። ሽቦው መሐል ምቱን የምታለዝብ ሬዚስተርና ንዝረቱን የምትውጥ ትንሽ ካፓሲተር ማስገባት ያስፈልጋል። የትኛዋ መጠን እንደምትስማማት ግን መሞከር ነው።

የመጀመሪያዋን ስሞክር መርፌዋ ዕጥፍ አነበበች። ሁለተኛዋን ስሞክር ጭራሽ አልነሣም አለች። ዳሽቦርዱ ሥር እየገቡ እየወጡ ብቻ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። አባቴን በእጄ ጠራሁትና መሪው ጋ አስቀመጥኩት። ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ ከመለስለሱ የተነሣ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። እኔ በቀኝ በር በኩል እግር ማስቀመጫው ላይ ተኝቼ ሽቦዎቹን ያዝኩ። ሦስተኛዋን አገናኘሁ። መርፌዋ ተነሣች፣ ትንሽ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ደህና ነው፣ ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው ብዬ ሬዚስተሩን ለመቀየር ሽቦውን ነቀልኩ። መርፌዋ ወደቀች።

የአባቴ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደና ሞተሪኖውን መታው።

ብረት ብረት ሲበላ ያለውን ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ደንግጬ ስነሣ ጭንቅላቴ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨ። "አባ! እየሠራ ነው እኮ!" ብዬ ጮኽኩ። እሱ እኔን አላየም። ፊቱም አልተኮማተረም። የሚያየው መርፌዋን ነው።

ሳላስበው የያዝኩትን ሽቦ መልሼ አነካካሁት። መርፌዋ ተነሣች። የአባቴ እጅ ቁልፉን ለቅቆ ጉልበቱ ላይ ተመለሰ።

ሽቦውን ደግሜ ነቀልኩት። መርፌዋ ስትወድቅ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ። ቶሎ ብዬ አገናኘሁ። እጁ ተመለሰ። ሽቦውን አጣምሬ አሰርኩትና ከመኪናዋ ወጥቼ ዞሬ ከኋላው፣ መስታወት በማያሳየኝ በኩል ቆምኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። እጄን ብዘረጋ ትከሻውን እነካዋለሁ።

"አባ" አልኩ።

ምንም።

"አባ!"

በመጨረሻ በሙሉ ድምፄ "አባ!!" ስል የጎረቤታችን ሠራተኛ ምን ተፈጠረ ብላ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። አባቴ መርፌዋን እያየ ነበር።

እዚያው ኋላው ቆሜ አለቀስኩ። ስልኩ፣ ድምፅ አልባው ቴሌቪዥን፣ የትራፊኳ ፊሽካ፣ ፈገግ እያለ ራሱን የሚነቀንቀው ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። አባቴ አልረሳም፣ አልፈዘዘም፤ አይሰማም። እናቴም ገደል ማሚቶ አልነበረችም። ጆሮው ነበረች።

ፊቴን ጠርጌ ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ጡጫዬን ጨብጬ አዞርኩና ቅንድቤን አነሣሁ፤ "ይሠራል?" በወፍጮ ቤታችን ቋንቋ። እሱም መርፌዋን አየና ጡጫውን አዞረ፤ "ይሠራል።" ከዚያ ጣቴን ወደ ጆሮዬ አደረግሁ።

ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

"እናትሽ ነገረችሽ እንዴ?" አለ።

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። አጠገቡ ገብቼ፣ በእናቴ ወንበር ላይ ወደ እሱ ዞሬ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈት ከፈት አድርጌ "ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ወፍጮው ሳይሸጥ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ከዚያ አዛኑ ጠፋ። የወፍጮው ድምፅ ራሱ ሲጠፋብኝ ጊዜ ሸጥኩት።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ምን ብዬ? ደንቆሮ ሆንኩ ብዬ?" አለ። "ደግሞ እናትሽ ነበረች። የምትሉትን ትደግምልኛለች፣ የእሷን አፍ ደህና አድርጌ አነባለሁ። እናንተ አፋችሁ ይፈጥናል።"

"እሷ ስትሞትስ?"

"እሷ ስትሞት ሁላችሁም ጠፋችሁ።"

መሪውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። "ይቺ ግን ነበረች። ቆማ ስትሠራ መቀመጫው ይነዝረኛል፤ መነሣቷን አውቃለሁ። ስሄድ ደግሞ መርፌዋ ትነግረኛለች፤ እዚህ ስትደርስ ሁለተኛ፣ እዚህ ስትደርስ ሦስተኛ። ከዚያ አዲሱን ነገር አስገባችሁላትና ንዝረቷም ቀረ፣ መርፌዋም ሞተች። ለዚያ ልጅ አሳየሁት። የመለሰልኝን ግን አላየሁም፤ አፉ ኮፈኑ ሥር ነበር።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን። ስጦታ ብለን ከአባታችን የቀረችውን ጆሮ ነቀልንበት።

"አሁን ግን ደግ አደረግሽ" አለ፣ እጄ ላይ ያለውን ቅባት እያየ። "ለአረፋ ትደርስልኛለች። ቁልፉን ሙኒር የወሰደው እስክትሠሪያት ነው አይደል?"

ጠዋት ዱካው ላይ ለምን ደስ ብሎት እንደተቀመጠ ያኔ ገባኝ። ለእሱ የምሠራት መስሎት ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ለሰው ነው የምትሠሪያት?"

ወደ እሱ ዞሬ አዎ አልኩት። አቶ ዳዊት ከሰዓት እንደሚመጣም ነገርኩት። አባቴ አልተቆጣም። መርፌዋን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ከዚያ "ጨርሺያት በይ። ሥራ ተጀምሮ አይተውም" አለ። "ስለ ጆሮዬ ግን ለሙኒር እንዳትነግሪው።" ቃል ገባሁለት።

ጨረስናት። እሱ ነዳጁን እየረገጠ፣ እኔ በመለኪያው የሞተሩን ዙር እያነበብኩ፣ መርፌዋና የፋብሪካው መለኪያ አንድ ቃል እስኪናገሩ ድረስ አስተካከልናት። በሕይወቴ እንደዚያ የተዋጣልኝ ሥራ የለም፤ እንደዚያ ያስጠላኝ ሥራም የለም።

ከሰዓት ሙኒርና አቶ ዳዊት መጡ። አቶ ዳዊት ሽበታም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ መኪናዋን ከመንካቱ በፊት አባቴን "ይፈቀድልኛል?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። አባቴ አፉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሯ ተነሣች፣ መርፌዋ ወጣ ብላ ቀጥ አለች። "ማሻአላህ ነው እናንተ የምትሉት? እውነትም!" አለ አቶ ዳዊት። "ትንሽ ዞር ዞር ብንልባትስ?"

"እኔ እነዳታለሁ" አለ ሙኒር።

"አባ ይንዳ" አልኩ።

ሙኒር ጎትቶ ወሰደኝ። "አብደሻል? የትናንቱን ረሳሽው?"

"ወንድሜ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቀስ ብሎ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ።" "ለመጨረሻ ጊዜ" የምትለዋ ቃል አሸነፈችው። እሱና አቶ ዳዊት ከኋላ ገቡ።

አባቴ አፈሰሳት። የድሮው ከማል ሆነ። መርፌዋ ቦታዋ ስትደርስ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፤ እንደገና ስትደርስ እንደገና። መኪናዋ አንድም ጊዜ አልነቀነቀችንም። ኮብልስቶኑ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እኔ ሳልነግረው አይቶ ቆመ፤ ዓይኑ አንድም ቦታ አይተኛም። ከኋላችን ባጃጅ ክላክስ ስታደርግ ክንዱን ነካ አደረግሁት፣ ጥግ ይዞ አሳለፋት።

"አባ፣ በቃ እዚህ ጋ እንመለስ" አለ ሙኒር ከኋላ። አባቴ ነዳ። "አባ?" አለ ሙኒር። አሁን ድምፁ ውስጥ የትናንቱ ፍርሃት ገባ። "አባ! ፈቲ፣ ምን ሆኖ ነው?"

አልመለስኩም። ቃል ገብቼ ነበርና። አባቴ ግን በመስታወቱ የሙኒርን ፊት አየ። ጥግ ያዘና ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ዞረ።

"ልጄ" አለ። "ከኋላ ስትጠራኝ አልሰማህም። ከፊትም ስትጠራኝ አልሰማህም። አፍህን ነው የማየው። አልሰማም እኔ፤ ከቆየ።"

ሙኒር በመጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ ሞላ። በሩን ከፍቶ ወጣ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ዞሮ መጥቶ ግን በአባቴ መስኮት በኩል ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቱ ጋር እኩል አደረገ።

"ዓመቱን ሙሉ" አለ፣ እያንዳንዷን ቃል ለይቶ፣ "ዓመቱን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ነው ያወራሁህ። አፍ ይቅርታ።" ምላሱ ተሳሰረበት፤ "አባ ይቅርታ" ማለቱ ነበር። አባቴ ግን ከአፉ ላይ ያነበበው ይበቃው ነበር መሰለኝ፣ ጭንቅላቱን ስቦ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

አቶ ዳዊት ከመኪናዋ ወረደ። "እኔ በእግሬ እመለሳለሁ፣ መንገዱ ጥሩ ነው" አለ። "ይህቺን መኪና የምገዛ ሰው አይደለሁም።" ጥቂት ሄዶ ተመለሰና እኔን "ለመሆኑ እኔ ጋ መርፌያቸው የሞተ ሌሎች መኪኖች አሉ፣ ታዪያቸዋለሽ?" አለኝ። በእንባዬ ውስጥ ሳቄ መጣ። ዛሬ እሁድ እሁድ ቦሌ እሱ ግቢ መርፌ ሳስነሣ የምውለው ከዚያ የተነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። አባቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የመስሚያ መሣሪያ ተሰጠው። ከሐኪም ቤቱ እንደወጣን የታክሲ ረዳቶቹን ጩኸት ሰምቶ "ዓለም እንዲህ ትለፈልፍ ነበር እንዴ?" ብሎ አወለቀው። አሁን ለመስጊድና ለልጅ ልጆቹ ብቻ ያደርገዋል። ብቻውንም አይነዳም፤ ይህን ያዘዘው ራሱ ነው። "የእናታችሁ ወንበር ባዶ ከሆነ አልነሣም" አለ፣ አለቀ። መኪናዋም ትልልቅ የጎን መስታወቶች ተገጠሙላት። ዓርብ ዓርብ ተራ እንገባለን።

ለአረፋ እንደ ድሮው ወጣን። ሙኒርና ልጆቹ ከኋላ ታጭቀው፣ እኔ በእናቴ ወንበር። የሚያወሩትን ሁሉ ወደ አባቴ እየዞርኩ እደግምለታለሁ። ሰው ሁለቴ ማናገር የማልችለው እኔ! የሙኒር ትንሹ ልጅ "አክስቴ፣ ለምንድን ነው ሁሉን ነገር የምትደግሚው?" ሲል ይህንንም ደገምኩለት። አባቴ ሳቀ። ከተማውን ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሯ ረጋ፣ መርፌዋ አንድ ቦታ ቀጥ አለች። ቀኝ እጁን ከማርሹ አንሥቶ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አፋተገ። ልሟል። ከኋላም ሁሉም እጁን አንሥቶ ጣቱን አፋተገለት፤ በመስታወቱ አያቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዝም ያለ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር አድርጉልኝ። "አረጀ፣ ፈዘዘ፣ ሐዘን ጎዳው" ከማለታችሁ በፊት፣ ቁልፉንም ከመቀበላችሁ በፊት፣ ከኋላው ቁሙና ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ካልዞረ እናንተ ዞራችሁ ፊቱ ቁሙ።